ከቅጥሩ ውጭ ያለችው ወይራ

የወይናምባ ማርያም ሴቶች የወር አበባቸው በመጣ ጊዜ ቅዳሴውን የሚሰሙት ከቅጥሩ በር ውጭ ካለችው ወይራ ሥር ቆመው ነው። «ግዳጅ ላይ ናት» ይባላል፤ እሱንም ጮክ ብሎ የሚለው የለም። ወደ ውስጥ የሚያልፈው ሁሉ ከወይራዋ ሥር ማን እንደቆመች ያያል፤ አይቶ ዝም ይላል። በሳምንቱ ያቺ ትገባለች፣ ሌላዋ በቦታዋ ትቆማለች። ከቡሬ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በሆነችው በዚህች መንደር የአንዲት ሴት መፀነስ በመጀመሪያ የሚታወቀው ከሆዷ ሳይሆን ከወይራዋ ነው። ወር ሄዶ ወር ሲመጣ እዚያ ሥር ካልታየች፣ ነገር አለ ማለት ነው።

ወይዘሮ በለጠች ምራታቸውን ዓባይነሽን ከወይራዋ ሥር ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት በግንቦት ሃያ አንድ ነበር። በሰኔ አልቆመችም። በሐምሌም አልቆመችም። ፍልሰታን አንድ ቀን ሳታጓድል ገባች። በመስከረም ሃያ አንድ፣ ከብዙኃን ማርያም ቅዳሴ መልስ፣ ዓባይነሽ ቢጫውን ጀሪካን አንሥታ ወደ ምንጩ ልትወርድ ስትል አማቷ ከእጇ ወሰዱባት።

«ተይው» አሉ።

«ውኃ የለም እኮ፣ እማማ።»

«እኔ እወርዳለሁ። አንች ተቀመጭ።»

«እርስዎ? በዚያ ጉልበትዎ?»

«ጉልበቴ ምን ሁኖ? ጉልበቴ ዛሬ የኮረዳ ሁኗል» አሉና ገመዱን በትከሻቸው አጣፍተው ቁልቁል ወረዱ።

ዓባይነሽ የገባት ያን ጊዜ ነው። ባዶ እጇን ከደጃፉ ቆመች።

ባንተአምላክን ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው። እሱ በቆሎና በርበሬ የሚያመርት፣ የቡሬን ገበያ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። በስድስቱ ዓመታት ውስጥ ጠበል ተጠምቃለች፤ ሥር ቀቅለው የሚሰጡ ሽማግሌ ዘንድም ሄዳ መራራውን ጠጥታለች። አምና የባንተአምላክ አባት ሲሞቱ ወይዘሮ በለጠች ይኖሩበት ከነበረው ሩቅ ቀበሌ ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተፋጠነ። ለፋሲካ የመጣው የባንተአምላክ አጎት ተስፋው፣ ዓባይነሽ ጓዳ ሆና እየሰማች፣ «ስድስት ዓመት ታገሥህ፤ ከእንግዲህ የሚወቅስህ የለም። እስከ መስቀል ጠብቅ። ከዚያ ግን እኔው ራሴ ሌላ ፈልጌ አመጣልሃለሁ» ብሎት ነበር። ወይዘሮ በለጠች አልተቃወሙም። ባንተአምላክም አልተቃወመም፤ የማጭዱን እጀታ ያሻሽ ነበር። መስቀል አለፈ፤ አጎትየው ግን ሳይመጣ ቀረ። ለምን እንደቀረ ጀሪካኑ ከእጇ በተወሰደበት ቀን ተረዳችው። ወሬው ደርሶታል።

ሐሰት አልተናገረችም። በሐምሌ እሷም ራሷ ተስፋ አድርጋ ነበር። የወር አበባዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በሦስት ወርም በአራት ወርም እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ተስፋ ግን ያለፈውን አያስታውስም። በነሐሴ ለገበያ ቡሬ የወጣች ቀን ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ገዝታ በመናኸሪያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ አየችው። አንድ መስመር ወጣ። ሁለተኛውን ጠበቀች፤ አልወጣም። ወረቀቱን ቀዳድዳ ጣለችና እሑድ እንደ ወትሮዋ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ምን ታድርግ? ግዳጅ ሳይኖርባት ከወይራዋ ሥር ልትቆም አትችልም።

ከመስከረም በኋላ የቤቱ ወግ ተለወጠ። ማለዳ ማር በቅቤ ተለውሶ ይቀርብላታል፤ ከሰዓት አጥሚት ይከተላል። እንጨት አትሸከሚ፣ በርበሬ ለቀማ አትውረጅ፣ ፀሐይ አይምታሽ ተባለች። በአንድ ወር ውስጥ ፊቷ ሞላ፣ ወገቧ ሰፋ፤ ጎረቤቶቿ ያንን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ማለዳ ማለዳ ግን ሁሉም ወደየሥራው ሲወጣ በትንሿ መስተዋት ፊት ተቀምጣ፣ ከአንገቷ ክር ላይ በተንጠለጠለችው ወረንጦ ከአገጯ ሥር የሚበቅሉትን ጠንካራ ፀጉሮች አንድ በአንድ ትነቅላለች። እሾህ ለማውጣት የተሠራች ወረንጦ ናት። አክስቷም እንዲህ ስትነቅል ልጅ ሳለች አይታለች። አክስቷ ከሁለት ባል ተመልሳ በመጨረሻ መነኮሰች።

ለአማቷ ለመንገር ሞከረች። በጥቅምት መግቢያ አንድ ቀን አብረው እህል ሲያበጥሩ ጀመረችው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ይኼ የሚሉት ነገር—»

ወይዘሮ በለጠች ሰፌዱን ጥለው መዳፋቸውን አፏ ላይ አደረጉ። እጃቸው የዳጉሳ ሽታ ነበረው።

«እፍ! በአፍ አይጠራም። ሳይገፋ ስሙን የጠራችው ስንቷ ናት ያጣችው! ዓይን አለ፣ አፍ አለ። እኔም አልጠየቅሁሽ፤ አንችም አትንገሪኝ። ከእመቤቴ ጋር ጨርሼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«በፍልሰታ ተስያለሁ። ዣንጥላ፣ ዘርፉ ወርቅማ የሆነ። ልጄ ህይወት ከደምበጫ ልካዋለች፤ ሣጥኔ ውስጥ ነው ያለ። ለኅዳር ማርያም አስገባዋለሁ። ያን ጊዜ ስለቴ ሰመረ ብቻ እላለሁ፤ ሌላ ምንም። ሰው ይገባዋል።» ደግሞም ሳቁ። «ተስፋው እዚያው ሕዝቡ መሀል ቁሞ ይሰማታል!»

ዓባይነሽ ሰፌዱን አንሥታ ማበጠሯን ቀጠለች።

ወደ ሐኪም የላኳትም ወይዘሮ በለጠች ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ነፍሰ ጡሮች ክትትል ይጀምሩ ማለቷን ሰምተው፣ በጥቅምት ማለቂያ መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ቀን ልጃቸውን፣ «ፍኖተ ሰላም ውሰዳት፤ ቡሬ የሚያውቃት ይበዛል» አሉት። ባንተአምላክ ንጹሕ ጋቢውን ለበሰ። ማንኩሳን እስኪያልፉ ድረስ በሚኒባሱ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ታጥፎ በሚከፈተው ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጦ የእሱን ለስላሳ ቦታ ለእሷ መስጠቱ ግን ለእሷ እንደ ንግግር ነበር።

በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የተቀበለቻት ዶክተር ዮርዳኖስ ከወሎ የመጣች ወጣት ሐኪም ናት። ባንተአምላክ ከውጭ አግዳሚው ላይ ቀረ። ሽንቷ ተመረመረ። ከዚያ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ፈሰሰና መሣሪያው ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተ።

«ዓባይነሽ» አለች ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፅንስ የለም።»

«አውቃለሁ።»

ሐኪሟ እጇን አቆመች። «ካወቅሽ ለምን ለእርግዝና ክትትል መጣሽ?»

«ላኩኝ።»

ሐኪሟ የመሣሪያውን ማያ ወደ እሷ አዞረችው። ከዚያ በኋላ የጠየቀቻት ሁሉ አብሯት የኖረ ሰው ጥያቄ ይመስል ነበር። የወር አበባዋ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ብጉሯ መቼ እንደጀመረ፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ለምን እንደምትሸፍን፣ ከዘመዶቿ እንደ እሷ የሆነች ሴት መኖር አለመኖሯን። ዓባይነሽ ስለ አክስቷ ነገረቻት። ነጠላዋንም አወረደች።

«እነዚህን ጥቋቁር ነጠብጣቦች አየሻቸው? እንቁላል የሚያድግባቸው ከረጢቶች ናቸው። በየወሩ ብዙዎቹ ይጀምራሉ፤ አንዷ ቀድማ ትበስልና እንቁላሏን ትለቃለች። ያንቺዎቹ ጀምረው መሀል ላይ ይቆማሉ። ስላልበሰሉ እንቁላል አይወጣም፤ እንቁላል ስላልወጣ ደሙም በጊዜው አይመጣም።»

ዓባይነሽ ማያውን አተኩራ አየችው። «ተጨናንቆ እንደ በቀለ በቆሎ ነው በዪኛ። ሁሉም ይወጣል፤ እሸት የሚይዝ ግን የለም።»

«ይህንን ለሌላ ሰው ስገልጽ ካንቺ እዋሰዋለሁ» አለች ሐኪሟ፤ ፈገግ ብላ ወዲያው ወደ ቁም ነገሯ ተመለሰች። «በሽታው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይባላል። ብዙ ሴቶች አሉበት፤ ሳያውቁት የሚኖሩት ይበዛሉ።»

«ምን አድርጌ መጣብኝ? የጠጣሁት ሥር ነው?»

«ምንም አላደረግሽም። መነሻው ይህ ብቻ ነው ተብሎ ተለይቶ አልታወቀም። በዘር ይመጣል፤ አክስትሽ ምናልባት ይኸው ነበረባት። ሰውነት የምንበላውን ስኳር ወደ ኃይል እንዲለውጥ የሚያደርግ ኢንሱሊን የሚባል ነገር አለ። ባንቺ ውስጥ ሥራውን በደንብ ስለማይሠራ ሰውነትሽ አብዝቶ ያመርተዋል። እሱ ሲበዛ ደግሞ በሴትም ውስጥ በጥቂቱ ያለውን የወንድ ሆርሞን ያበዛዋል። የአገጭሽ ፀጉር ከዚያ ነው የሚመጣው፤ እንቁላሉንም የሚያግደው እሱ ነው። ሰሞኑን ክብደት ጨምረሻል?»

«ማር ያበሉኛል። ሥራም ከለከሉኝ።»

«ለማን ብለው?»

ዓባይነሽ ነጠላዋን መልሳ ወደ አገጯ ሳበች። ሐኪሟም መልሱን አልጠበቀችም። ማሩን እንድትተው፣ እንደ ቀድሞዋ እንድትሠራና እንድትራመድ ነገረቻት፤ ጥቂት ኪሎ መቀነስ እንኳ ለአንዳንዷ ሴት ብቻውን የወር አበባዋን ይመልስላታል አለቻት። ከምግብ ጋር የሚወሰድ፣ ኢንሱሊኑን የሚያግዝ ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን ጻፈችላት። ከዚያ ሌላ ትንሽ ፓኮ አሳየቻት።

«ይህንን ለዐሥር ቀን ትውጫለሽ። ስትጨርሺ በሳምንት ውስጥ ደም ይመጣል። መምጣት አለበት። ማህፀን እንዲህ ለወራት ሳይጠራ ሲቆይ ግድግዳው እየወፈረ ይሄዳል፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ወደ ክፉ በሽታ ሊያመራ ይችላል። ደሙ እንደመጣ ተመለሺ፤ እንቁላል የሚያስለቅቀውን መድኃኒት እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ግን ባልሽም መመርመር አለበት።»

«እወልዳለሁ?»

«ብዙዎቹ ይወልዳሉ። ሁሉም አይደሉም። ቃል አልገባልሽም።» ወደ በሩ አየች። «ከውጭ ያለው እሱ ነው? ልጥራው?»

«ዛሬ አትጥሪው።»

«ያላንቺ ፈቃድ አልነግረውም። የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ግን አትቆዪ።»

ባንተአምላክ ስትወጣ ከአግዳሚው ተነሣ። ምንም አልጠየቀም፤ በአፍ አይጠራምና። በእጁ ብርቱካን ይዞ ነበር። እየላጠ ወደ መናኸሪያው እስኪደርሱ አንድ በአንድ አቀበላት።

ፓኮውን ከፈትል ሙዳይዋ ታች፣ ከባዘቶው ሥር ደበቀችው። ሜትፎርሚኑን ጀመረች፤ የዐሥር ቀኑን ግን ሳትነካው ሰነበተች። ነገሩ ግልጽ ነበር። አሁን ብትጀምረው ደሙ ለኅዳር ማርያም ይደርሳል፤ ቅጥሩ ውስጥ መግባት አትችልም፤ አገሩ ሁሉ ያያታል። በዓሉ አልፎ ብትጀምረው ዣንጥላው ገብቷል፤ እልልታው ቀልጧል። ያኔ ውሸቱ የእሷ ብቻ አይሆንም፤ አሮጊቷ በማርያም ፊት የተናገሩት ይሆናል። ሁለቱም መንገዶች ወደ አጎት ተስፋው ያደርሳሉ። አክስቷ በየትኛው መንገድ እንደሄደች ማንም ነግሯት አያውቅም።

በኅዳር አምስት ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሄደች። ቄሱ የጤፍ አጨዳ ደርሶባቸው ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማጭድ ይስሉ ነበር። መስቀላቸውን ተሳለመችና መሬት ተቀመጠች።

«አባ፣ አንድ ሰው ላልሆነ ነገር ስለት ቢያገባ ምን ይሆናል?»

«አለመሆኑን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው በደል የለበትም። እመቤታችን የዋሁን ታውቀዋለች።» ማጭዱን ገልብጠው በሌላው ጎን መሳል ጀመሩ። «አለመሆኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

ዓባይነሽ መሬቱን አየች።

«ካለ» አሉ ቄሱ፣ ዓይናቸውን ከማጭዱ ስለት ሳያነሡ፣ «ሸክሙ የዚያ ሰው ነው። ዕውር ገደል ሲገባ ዝም ብሎ ያየ ዓይናማ፣ ገደሉን እንደቆፈረው ይቆጠራል።»

«ቢናገር ቤቱን የሚያጣ ቢሆንስ?»

ማጭዱን አስቀመጡት። ሙሉ ዓይናቸውን አንሥተው አዩዋት፤ የተረዱ ይመስላል። «ልጄ፣ ቤት አያሳጣውም ብዬ አልዋሽሽም» አሉ። ማጭዱንም መልሰው አነሡት።

በማግስቱ የዐሥር ቀኑን መድኃኒት የመጀመሪያዋን ፍሬ ዋጠች። የዚያኑ ቀን ባንተአምላክን በኬሻ ላይ የተሰጣውን በርበሬ ሲያገላብጥ አግኝታ ነገረችው። ስትጨርስ እሱ እንዳጎነበሰ ቀረ። ከዚያ አስነጠሰው፤ ሁለቴ ሦስቴ፤ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

«ስድስት ወር ሊሞላ?»

«ከነሐሴ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«እኔ ብርቱካን ስልጥልሽ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

በርበሬውን እንደገና ማገላበጥ ጀመረ፤ የተገላበጠውን መልሶ ገለበጠው። «ለእናቴ አትንገሪ። በዓሉ ይለፍ። ዣንጥላው መጥቷል፤ ህይወት ከነልጆቿ ትመጣለች፤ አጎቴም ይመጣል። በሰው ፊት አታዋርጃት።»

«ሐኪሟ አንተም መመርመር አለብህ ብላለች።»

«እኔ? እኔ ምን ሁኜ?»

«በቆሎህ ሳይበቅል ሲቀር መሬቱን ብቻ ነው የምትሰድብ? ዘሩንም ታያለህ።»

ባዶውን የማዳበሪያ ጆንያ በትከሻው አድርጎ ወደ ማሳው ወረደ። ግን አልጮኸባትም። ያን ቀን ማታም ራቱን ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ በላ።

በኅዳር ዐሥራ አምስት የነቢያት ጾም ገባ፤ የዐሥር ቀኑም መድኃኒት በዚያው ቀን አለቀ። ወይዘሮ በለጠች ወተት በጣሳ ይዘው መጡ።

«ጾም ነው፣ እማማ።»

«ላንች አይደለም።»

«ለእኔም ነው» አለችና ጣሳውን መለሰች። አሮጊቷ ደስ አላቸው። ጠንካራ ናት ብለው ለጎረቤት አወሩ።

ደሙ የመጣው በኅዳር ሃያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዓባይነሽ እህል እያበጠረች ሳለ። ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ካየችው በኋላ እዚያው ተቀመጠች። ለስንት ዓመት እየጠበቀች ስትናደድበት፣ ሳይመጣ ሲቀርም ስትፈራው የኖረ ነገር፣ አሁን ሐኪሟ በነገረቻት ሳምንት ውስጥ መጥቶላት ነበር። ሰውነቷ የታዘዘውን መስማት እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች። አለቀሰች፤ ከሐዘን ብቻ ግን አልነበረም። ነገ አመመኝ ብላ ቤት መቅረት ትችላለች፤ ማንም አይጠይቃትም። ግን እሷ ቀረችም አልቀረች ዣንጥላው ይገባል።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወጡ። ወይዘሮ በለጠች ዣንጥላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውት ከፊት ይሄዳሉ። ባንተአምላክ ከኋላቸው ነው፤ ዓባይነሽ ከሁሉም በኋላ። ከቅጥሩ በር ሲደርሱ አሮጊቷ የበሩን መቃን ተሳልመው አንድ እግራቸውን አሻገሩ። ዓባይነሽ ወደ ግራ ታጥፋ ከወይራዋ ሥር ቆመች።

እዚያ ሦስት ሴቶች ነበሩ። ወጣቷ ፀደንያ ዓይኗ ፈጠጠ።

«እትዬ ዓባይነሽ! ምነው፣ መንገድ ተሳሳትሽ እንዴ? በሩ ወዲያ ነው።»

«አልተሳሳትኩም።»

ፀደንያ ሁለተኛ አልቀለደችም። ቀስ ብላ ከሥሩ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

ወይዘሮ በለጠች ከበሩ ውስጥ ዞር አሉ። «ነይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እዚህ ነኝ፣ እማማ።»

ሰው በመካከላቸው እያለፈ ነበር፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ መቋሚያ፣ እናቶቻቸውን የያዙ ልጆች። አሮጊቷ በሰው መካከል አዩዋት። ከዚያ ወይራዋን አዩ። እንደገና እሷን። ዓባይነሽ ዓይኗን አላነሣችም፤ ፊቷን ግን አልሸፈነችም። ከሚያልፉት ሴቶች ሁለቱ ቆም ብለው አንዷ የሌላዋን ክንድ ነካች። ባንተአምላክ ከእናቱና ከሚስቱ መካከል ጥቂት ቆሞ ወደ ወንዶቹ በር ሄደ። ወይዘሮ በለጠች ዣንጥላውን እንዳቀፉ ወደ ውስጥ ገቡ።

ቅዳሴው ተጀመረ። ድምፅ ማጉያው ከደጀ ሰላሙ ጣራ ላይ ተሰቅሏልና ከወይራዋ ሥር ሁሉም ይሰማል። ዓባይነሽ ከቅዳሴው የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታቦቷ ወጥታ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ከዞረች በኋላ ቄስ ወልደ ሥላሴ ስለታቸው የሰመረላቸውን ሰዎች ስም መጥራት ጀመሩ። አንዱ ከሕመም ተነሥቶ መጋረጃ ሰጠ፤ እልልታ ተነሣ። አንዷ ልጇ ከሄደበት በሰላም ተመልሶ ሙዳየ ምጽዋት አመጣች፤ እልልታ። አንዱ በግ ሰጠ። በእያንዳንዱ ስም መካከል ድምፅ ማጉያው ሲንኮሻኮሽ ዓባይነሽ የወይራዋን ቅርፊት በጣቷ ትጭር ነበር። ፀደንያ ታያታለች፤ አትጠይቃትም።

ስሙ አልቆ ቡራኬ ተሰጠ። የወይዘሮ በለጠች ስም አልተጠራም።

ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። አጎት ተስፋው ወጣ፤ ወይራዋን ሲያይ ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገና መቋሚያውን መሬት ላይ እየመታ አለፈ። በመጨረሻ አሮጊቷ መጡ። ዣንጥላው እንደተጠቀለለ ነበር። ግዳጅ ካቆማቸው ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ወደ ወይራዋ ታጥፈው ከሥሩ ላይ ዓባይነሽ አጠገብ ተቀመጡ። የሚያልፈው ሰው ያይ ነበር።

ዣንጥላውን ከጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«እህል ስናበጥር ልትነግሪኝ የነበረው ይኸን ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አፍሽን ያዝሁት።»

«ያዙት።»

«እጄን መግፋት ትችይ ነበር እኮ።»

«ፈራሁ።»

«ተስፋውን?»

«ሁላችሁንም።»

ወይዘሮ በለጠች የዣንጥላውን ጨርቅ ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ። «በየወሩ እመቤቴ ፊት አመሰገንሁ። በሌለ ነገር። አንች አጠገቤ ቁመሽ ትሰሚኝ ነበር። ክፉ ነሽ፣ ዓባይነሽ።»

ዓባይነሽ አልተከራከረችም። የሆነውን ነገረቻቸው፤ ሐኪሟ እንደነገረቻት፣ በበቆሎው እየመሰለች። ስለ አክስቷ፣ ስለ አገጯ፣ ስለ ማሩ፣ ስለ ዐሥር ቀኑ ፍሬ። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ ሰሙ።

«ማሩ ይጎዳል ነው ያለችሽ?»

«ለእኔ አይስማማም።»

«እኔ ደግሞ ለልጁ ብዬ...» አልጨረሱትም። ወደ ዣንጥላው እያዩ፣ «ዛሬ ቤት መቅረት ትችይ ነበር። አመመኝ ብትይ ማን ይጠይቅሻል?» አሉ።

«ከቀረሁ ዣንጥላውን ያስገቡት ነበር።»

ወይዘሮ በለጠች ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ፊቷን አዩ። «እሱስ ልክ ነው» አሉ በዝግታ። «አስገባው ነበር።»

ባንተአምላክ መጥቶ ከፊታቸው ቆመ። «እናቴ፣ ተነሽ። ሰው እያየን ነው።»

«ይይ! አንተ ታውቅ ነበር?»

ጫማውን አየ።

«ታውቅ ነበር። ጎሽ! በቤቴ ሁለት ዲዳ አኑሬያለሁ። ሐኪሟ አንተንም ጠርታሃለች አሉ።»

«ብላለች።»

«እና ምን ትጠብቃለህ? ግብዣ?»

«እሄዳለሁ» አለ፤ ድምፁ እምብዛም አልተሰማም። «ሰኞ አብረን እንሄዳለን።»

አሮጊቷ በዓባይነሽ ትከሻ ተደግፈው ተነሡ። ዣንጥላውን ሰጧት። «ያዥው፤ ክንዴ ዝሏል።»

«ስለቱስ፣ እማማ?»

«ስለቱ ስለት ነው። እስኪሰምር ይቀመጣል። ካልሰመረ ለቀብሬ ትዘረጉታላችሁ።» ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ቆም አሉ። «ተስፋው ዛሬ ቤት ይመጣል። ምን እንደምለው አላውቅም። አንች ግን ጓዳ አትግቢ፤ ከእኛው ጋር ተቀመጭ፤ የሚለውን ፊትሽን እያየ ይበለው።»

ተስፋው መጣ። ዓባይነሽ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ስለ በቆሎ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ ታመመ በሬው ብዙ አወራ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወይዘሮ በለጠችን፣ «እና ያ ነገር?» አላቸው።

«ሐኪም ይዞታል» አሉት። «ልጄም ሰኞ ይታያል። ሐኪም የያዘውን እኛ አንይዘውም።»

ሊመልስ ሲል ዓባይነሽን አየ፤ እሷም አየችው። ጠላውን ጨርሶ ሄደ። ዳግመኛ አይመጣም ማለት አልነበረም፤ ይህን ሦስቱም ያውቁት ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ዓባይነሽ መድኃኒቷን ለመዋጥ ቁርስ ልትፈልግ ወደ ማጀት ገባች። የማሩ ቅል ከቦታው አልነበረም፤ በሳህን ላይ ሽሮ በእንጀራ ተከድኖ ተቀምጦላታል። ከበሩ አጠገብ ቢጫው ጀሪካን ቆሟል፤ ገመዱ ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል። ወይዘሮ በለጠች ምድጃው ዘንድ ጀርባቸውን ሰጥተው እሳት ያነዳሉ።

«ውኃ የለም» አሉ፣ ሳይዞሩ።

ዓባይነሽ በላች፣ መድኃኒቷን ዋጠች፣ ጀሪካኑን አነሣች። የምንጩ መንገድ ቁልቁል ነው፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ያስጨንቃል። ለሁለት ወር ስላልተሸከመች ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ ጀሪካኑን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ቆመች። ቁልቁል የሚወርዱት ጎረቤቶች ጀሪካኑን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ሰላም አሉና አለፉ። እሷም ሰላምታውን መለሰች። ትንፋሿ ሲመለስ ገመዱን በትከሻዋ አጠበቀችና ወደ ቤቷ ወጣች።